ወርክሺቱ 10፣ ኩዊዙ 3

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሐሳቤ ኢንጂነሪንግ መግባት ነው። በዚህ ሴሚስተር አፕላይድ ማዝ ዋን እየወሰድኩ ነው። መምህራችን በየሳምንቱ ዓርብ 12 ጥያቄ ያለው ወርክሺት ይሰጠናል፤ ሐሙስ ይሰበስባል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እስከ ረቡዕ ማታ አልነካውም። ረቡዕ ማታ የዶርም ጓደኛዬ ደብተሯን ትሰጠኛለች፤ እሷ ቸካይ ናት። ግን በጭፍን አልገለብጥም፤ እየተከታተልኩ ነው የምገለብጠው፤ ሁሉም ይገባኛል። እስካሁን 4 ወርክሺት አስረክበናል፤ አራቱም ላይ ከ10 10 ነው ያገኘሁት። ኩዊዙ ግን ከ10 3 መጣ። ሚድ ከ30 11። ፈተና ላይ ወረቀቱን ሳየው ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። 12ኛ ክፍል እያለሁ ሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ። ወርክሺቱን እንዴት ነው መሥራት ያለብኝ? ብቻዬን ወይስ በግሩፕ? በሳምንት ስንት ሰዓት? ወይስ ሒሳብ የኔ አይደለም? ፋይናል ሊደርስ 5 ሳምንት ቀርቶታል። ከመቶው ወርክሺት 10፣ ኩዊዝ 10፣ ሚድ 30፣ ፋይናል 50 ነው፤ ሲ ለማግኘት 50 ያስፈልጋል። ይህን ስጽፍልዎት ራሱ ደብተሯ እኔ ጋ ነው። ግራ የገባት ፍሬሽ።»

ልጄ፣ ከ«ሒሳብ የኔ አይደለም ወይ» ልጀምር። ሒሳብ ያንቺ ይሁን አይሁን በእነዚህ ውጤቶች ማወቅ አይቻልም። ወርክሺቱ ላይ 10 ያገኘችው ጓደኛሽ ናት። ኩዊዙ ላይ 3 ያገኘችው ደግሞ በዚህ ሴሚስተር አንድም ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር ሠርታ የማታውቅ ልጅ ናት። ሳይሠሩ 3 ማምጣት እንዲያውም ትንሽ አይደለም። የ12ኛ ክፍሉ ስንቅ ገና አላለቀም ማለት ነው።

«እየተከታተልኩ ነው የምገለብጠው፤ ሁሉም ይገባኛል» ያልሽው ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። አምንሻለሁ፤ ይገባሻል። ችግሩም እሱ ነው። እናትሽ ዶሮ ወጥ ስትሠራ አጠገቧ ቆመሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ውሃ ጠብ ሲደረግ፣ ሁሉም ግልጽ ነው። «ይሄማ ቀላል ነው» ትያለሽ። አንድ ቀን እሷ በሌለችበት እንግዳ ይመጣል። ድስቱን ትጥጃለሽ። ሽንኩርቱ በቃው ወይስ ገና ነው? በርበሬው አሁን ይግባ ወይስ ይቆይ? እስከዚያ ቀን ድረስ ያየሽው እጇን ነበር። መቼ ምን እንደምትወስን አላየሽም።

የጓደኛሽ ደብተር ላይም እያንዳንዱ መስመር ከበላዩ ካለው መስመር ይከተላል። ስለዚህ አንገትሽን እየነቀነቅሽ ትወርጃለሽ። ፈተናው ግን «ይህ መስመር ልክ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅሽም። ባዶ ወረቀት ሰጥቶ «የመጀመሪያውን መስመር ጻፊ» ነው የሚልሽ። ካልኩለስ ላይ ላብ የሚያስወጣው እሱ ነው። ደብተሩ በነፃ የሚሰጥሽም ልክ እሱኑ ነው። ጭንቅላትሽ ባዶ የሆነው በድንጋጤ ብቻ አይመስለኝም። ያንን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሽው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

እኔም ጨዋ ነበርኩ ብዬ አልዋሽሽም። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ አሳይመንት ስኮርጅ የጓደኛዬን 7 እንደ 1 አንብቤ ገለበጥኩት። 1 ብዬ ጀምሬ፣ ስምንት መስመር ወርጄ፣ መጨረሻ ላይ በትክክል የሱ መልስ ላይ ደረስኩ። መምህሩ ከጎኑ በቀይ «ተአምር!» ብሎ ጻፈበት። ወረቀቱን ለዓመታት አስቀምጬው ነበር።

ወርክሺቱ ከ100 10 ነው ብለሻል። ያንን 10 ለማዳን ስትይ ለቀረው 90 የምትለማመጂበትን ቦታ አሳልፈሽ ሰጠሽ። በኮርሱ ውስጥ መሳሳት ርካሽ የሆነበት ቦታ ወርክሺት ብቻ ነው። እዚያ አንድ ጥያቄ ብትስቺ ከመቶው የሚቀነሰው ኢምንት ነው። ያው ስህተት ፋይናል ላይ ሲመጣ ግን ዋጋው ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ። ወርክሺቱ ዓርብ ከተሰጠ ዓርብ ማታውኑ አውጪው። ልትጨርሺው አይደለም። 12ቱንም አንብቢና ከየጎናቸው በእርሳስ ምልክት አድርጊ፤ ይህን አውቀዋለሁ፣ ይህን ክፍል ውስጥ አይቻለሁ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው። ከዚያ ቀላል የመሰሉሽን ሁለቱን ሥሪና ዝጊው። 40 ደቂቃ ይበቃሻል። አንዴ ያነበብሽው ጥያቄ አብሮሽ ይውላል። ካፌ ሰልፍ ላይ ቆመሽ፣ ልብስ እያጠብሽ፣ «ኧረ ያ ነገር እኮ ፋክተር ይሆናል» የሚል ሐሳብ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል። ረቡዕ ማታ ለጀመረ ሰው ይህ አይመጣለትም፤ ጊዜ የለውማ።

ቅዳሜና እሑድ አንድ ተኩል፣ አንድ ተኩል ሰዓት ተቀመጪ። ወርክሺቱን ከመክፈትሽ በፊት የክፍል ደብተርሽ ላይ መምህሩ የሠራውን አንድ ምሳሌ ምረጪ። መፍትሔውን በወረቀት ሸፍነሽ ራስሽ ሥሪው። ከቻልሽው ወደ ወርክሺቱ ሂጂ። ካልቻልሽው ወርክሺቱን አትንኪው፤ ገና ነሽ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ግሩፕ፣ ረቡዕ ማጽዳትና መገልበጥ፤ የራስሽን ማለቴ ነው። ስንት ሰዓት ላልሽው፣ ሲደመር በሳምንት 5 ወይም 6 ሰዓት ይሆናል። ረቡዕ ማታ በአንዴ 6 ሰዓት መቀመጥ ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። መብራት ከጠፋማ አለቀልሽ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ መንገድ ላይ ስትቆሚ። ትቆሚያለሽ፣ አይቀርም። እስካሁን ቆመሽ አታውቂም፤ ገና ሳትጀምሪ ደብተሩ ይደርስልሽ ነበር። ስትቆሚ 20 ደቂቃ ስጪው። ምን ተሰጠኝ? ምን ተፈለገ? ሥዕል ይሳላል? በኤክስ ፈንታ ቁጥር ባስገባስ? ይህን የሚመስል የቱን ሠርቻለሁ? 20ው ደቂቃ አልቆ አሁንም ካልሄደልሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «እስከዚህ ደርሻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ኮሳይኑን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም» ብለሽ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስባታለሁ።

ሌላው፣ ካልኩለስ ከበደኝ የሚሉ ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው ካልኩለሱ አይደለም። 9ኛና 10ኛ ክፍል ጥለውት የመጡት አልጀብራ ነው። ቲቶሪያል አስተምር በነበረበት ጊዜ አንዲት ተማሪ አንድ ሊሚት ሠርታ አመጣች። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ፣ ከላይ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ከታች ኤክስ ሲቀነስ 3። 3ን ብታስገቢ ዜሮ በዜሮ ይሆናል። እሷ ምን አደረገች? ኤክስ ስኩዌርን በኤክስ አካፈለች፤ ኤክስ። ኔጌቲቭ 9ን በኔጌቲቭ 3 አካፈለች፤ 3። ኤክስ ሲደመር 3 አለች። 3ን አስገባች፤ 6። መልሱ በእርግጥም 6 ነው! ራይት ተደረገላት።

መንገዱ ግን ገደል ነው። የላይኛው ወደ ኤክስ ሲቀነስ 3 እና ኤክስ ሲደመር 3 ይበተናል፤ ከዚያ ከታቹ ጋር ይጣፋል። ቁራጭ በቁራጭ ማካፈል የሚባል ነገር የለም። በአጋጣሚ ነው የገጠመላት። ሚድ ላይ ከታች ያው ኤክስ ሲቀነስ 3፣ ከላይ ግን ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ኤክስ ሲቀነስ 6 ሆኖ መጣ። በዚያው መንገድ ሄደች። የመሐሏን ኤክስ እንዳለች ተወቻት፣ ኤክስ ከኤክስ ተጣፋ፣ 2 ቀረ። ትክክለኛው 5 ነው። የሠራችውን ሌላ ዓይን ቢያየው ኖሮ ወርክሺቱ ላይ ይያዝ ነበር።

መልስሽን የምታረጋግጪበት መንገድ ደግሞ አለ፤ ስልክሽ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ለሊሚት፣ በ3 ፈንታ 3.01 አስገቢ። ያ የሚዱ ጥያቄ 5.01 ይሰጥሻል። 2 እንዳልሆነ በግማሽ ደቂቃ አወቅሽ። ኢንቲግራል ሲሆን የመጣውን መልስ መልሰሽ ዴሪቬቲቭ አውጪለት፤ ወደ ጥያቄው ካልተመለሰ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል። ይህን የለመደ ተማሪ የማንንም ደብተር አይለምንም።

የደብተርሽን የመጨረሻ ገጾች ለስህተት ብቻ ተያቸው። የሳትሽውን፣ ለምን እንደሳትሽውም በአንድ መስመር ጻፊ። ስህተት አያሳፍርም። ካልኩለስን ኒውተንና ላይብኒዝ ለየብቻ ነው የደረሱበት። ያ ላይብኒዝ በ1675 እ.ኤ.አ. ማስታወሻው ላይ፣ የሁለት ነገሮች ብዜት ዲፈረንሻል የየራሳቸው ዲፈረንሻል ብዜት ይሆን እንዴ ብሎ አስቦ ነበር። ፍሬሽ ሁሉ የሚገባበት ጉድጓድ ነው! እሱ ግን በምሳሌ ሞከረውና እንደማይሆን አየ። አንቺም ሞክሪው። ኤክስ ሲባዛ በኤክስ፣ ኤክስ ስኩዌር ነው፤ ዴሪቬቲቩ 2 ኤክስ። የየራሳቸውን አባዝተሽ ቢሆን ግን 1 በ1፣ 1 ብቻ ይመጣ ነበር።

ብቻዬን ወይስ በግሩፕ? ሁለቱም፣ ግን በቅደም ተከተል። ግሩፕ ማለት ዕቁብ ነው። ሁሉም ሳይጥል ዕጣ አይወጣም። አንቺ አራት ሳምንት ሙሉ ሳትጥዪ ስትወስጂ ነው የከረምሽው። ሦስት ወይም አራት ሁኑ። የራሱን ሙከራ በወረቀት ያልያዘ ሰው አይቀመጥ። ሠርቶ መሳሳት ይቻላል፣ ግማሽ ላይ መቆም ይቻላል፣ ባዶ እጅ መምጣት ግን አይቻልም። ያቺ «እስከዚህ ደርሻለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር የምትጣለው እዚህ ነው።

ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዩሪ ትራይስማን የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ካልኩለስ የሚወስዱ ተማሪዎችን ተከታተለ። ካልኩለስ ላይ የሚወድቁ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። ይሠሩ ነበር፤ ግን ለየብቻቸው ነበር። ጥሩ ውጤት የሚያመጡት የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ መጀመሪያ ብቻቸውን ይሠሩና ከዚያ ተሰብስበው መልስ ያመሳክራሉ፣ አንዱ የሌላውን አሠራር ያርማል። ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ አንድ ጥያቄ ለማናቸውም ካልመጣላቸው ጥያቄው ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ብቻውን የተቀመጠው ልጅ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጥያቄው ይክበድ ወይም እሱ ይድከም አይለይም፤ ስለዚህ ራሱን ይወቅሳል። ትራይስማን ከዚያ ተነስቶ ተማሪዎች ከባድ ጥያቄዎችን አብረው የሚሠሩበት ወርክሾፕ አቋቋመ። የገቡበት ልጆች ውጤት ተሻሻለ። «ሒሳብ የኔ አይደለም» ያልሽው ነገር ከየት እንደመጣ እጠረጥራለሁ። በጓደኛሽ ደብተር ላይ ያየሽው የጸዳውን መልስ ብቻ ነው። የቀደደችውን ወረቀት አላየሽም።

ስለ ስልክ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ደብተሩን ስትመልሺ ወዴት እንደምትሄጂ አውቃለሁ። ፎቶማዝም ሆነ ቻትጂፒቲ ያው የጓደኛሽ ደብተር ናቸው፤ ፈጣን ደብተር። በቴሌግራም የሚዞረው የተሠራ ፒዲኤፍም እንዲሁ። ጨርሰሽ አትንኪያቸው አልልም። 20 ደቂቃሽን ከጨረስሽ በኋላ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አይተሽ ዝጊው። ቻትጂፒቲን ከሆነ «መልሱን አትንገረኝ፣ የት እንደተሳሳትኩ ብቻ ጠቁመኝ» በይው። አንዳንዴ እሱም በሙሉ ልብ ይሳሳታል፤ ያቺን 3.01 አትርሻት። በሌላ ዕርዳታ የሠራሽውን ጥያቄ በማግስቱ በነጭ ወረቀት፣ ምንም ሳታዪ፣ እንደገና ሥሪው። ካልሄደልሽ ያንቺ አልሆነም።

ፈተናን በተመለከተ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ወርክሺት በምዕራፍ የተደረደረ ነው። ርዕሱ «ኢንቲግሬሽን ባይ ፓርትስ» ከሆነ 12ቱም በባይ ፓርትስ እንደሚሠሩ ታውቂያለሽ። ፋይናሉ ግን ርዕስ የለውም። ሰብስቲቲውሽን ይሁን ባይ ፓርትስ አንቺ ነሽ የምትወስኚው። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የአራት ዓይነት ቅርጾች ይዘት ማስላት አስተማሩ። አንዱ ቡድን ጥያቄዎቹን በዓይነት በዓይነት ሠራ፤ ሌላው ተቀላቅለው። ልምምዱ ላይ በዓይነት የሠሩት 89 በመቶ አገኙ፤ የተቀላቀለባቸው 60። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን በዓይነት የሠሩት ወደ 20 ወረዱ። የተቀላቀለባቸው 63። ከ89 ወደ 20! ያንቺን 10ና 3 አስታወሰኝ።

ስለዚህ እነዚያ የገለበጥሻቸው 4 ወርክሺቶች አሁን ሀብት ናቸው። 48 ጥያቄ፣ አንዱም በእጅሽ ያልተሠራ። ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ኩባያ ውስጥ ክተቻቸው። በየቀኑ ሁለት ዕጣ አውጪ። የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ሳታዪ ጥያቄውን ብቻ አንብቢና በምን እንደሚሠራ መጀመሪያ በቃልሽ ተናገሪ። ከዚያ ሥሪው። አንዳንዱን መናገር ብቻ ይበቃል።

መምህርሽ ጋ ሂጂ። ኮንሰልቴሽን ሰዓት የተለጠፈው ለጌጥ አይደለም። «አልገባኝም» ብለሽ ከሄድሽ ሌክቸሩን ይደግምልሽና እንደተለመደው አንገትሽን ነቅንቀሽ ትመለሻለሽ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ከሄድሽ ግን በሁለት ደቂቃ ይፈታልሻል። ለሴት ተማሪዎች የሚዘጋጅ ቲቶሪያል ግቢያችሁ ውስጥ ካለም ግቢ። ደካሞች የሚሄዱበት ነው የሚል ወሬ ካለ የማይሄዱት ያወሩት ነው።

ሐሙስ ሲደርስ ከ12ቱ 9 ብቻ ከሠራሽ 9ኙን አስረክቢ። በሦስቱ ላይ የቆምሽበትን ቦታ ጽፈሽ። 7 ወይም 8 ታገኛለሽ፤ የራስሽ 7። ዶርም ውስጥ «ምን ነካት» መባሉ አይቀርም። ይባል።

እንግዲህ እንደምር። ወርክሺቱን ከአሁን በኋላ በራስሽ ሠርተሽ በአማካይ 8 ያዢ። ኩዊዝ 3፣ ሚድ 11። 22 ሆነ። ሲ ለማግኘት ከፋይናሉ 50 ውስጥ 28 ይቀርሻል። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ቀላል ነው አልልሽም፤ ግን በ5 ወርክሺትና በ48 ዕጣ የሚደረስበት ነው።

ለጓደኛሽ በግልጽ ንገሪያት። «ከእንግዲህ ከሰኞ በፊት ደብተርሽን ብለምንሽ እንዳትሰጪኝ፤ ሰኞ ግን የራሴን ይዤ እመጣለሁ» በያት። ደስ ይላት ይሆናል። እሷም እኮ በየሳምንቱ ብቻዋን ነው የምትቆመው፤ አሠራሯን የሚያይላት ሰው የላትም። ደብተሯን ግን ዛሬውኑ መልሺላት።